በፓወርሼል መዝገብ የሚታየው የተጠቃሚ ስም ፍለጋ፦ የአጥቂውን ከአስተዳዳሪው እንዴት እንለይ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት 300 ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አሉ። ባለፈው ወር በሁሉም ላይ የፓወርሼል (የዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ) ስክሪፕት ብሎክ ሎጊንግን፣ ማለትም የሚሠራውን ኮድ የሚመዘግበውን፣ በግሩፕ ፖሊሲ (በማዕከላዊ ቅንብር) አብርተን፣ እሱ የሚጽፋቸውን ቁጥር 4104 የሆኑ ኢቨንቶች (የመዝገብ ግቤቶች) በአንድ ሰርቨር መሰብሰብ ጀምረናል። ሐሳባችን ሰርጎ የገባ ሰው በማን ስም እንደገባና ሌሎች ተጠቃሚዎች እነማን እንደሆኑ ሲያጣራ መያዝ ስለነበር፣ «ሁአምአይ»፣ «ኔት ዩዘር»፣ «ጌት-ሎካልዩዘር» እና «ጌት-ኤዲዩዘር» የሚሉትን ትእዛዞች የሚፈልግ ሕግ ጻፍን። አሁን ግን ማንቂያው በዝቶ ማንም አያነበውም፤ አብዛኛው የሚመጣው ከራሳችን የአይቲ ባልደረቦችና ሌሊት ከሚሠሩ ስክሪፕቶች ነው። ሕጉን ባጠብበው አጥቂው ያመልጠኛል ብዬ እሰጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1

ማይተር አታክ የተባለው የአጥቂ ስልቶች ዝርዝር ይህን ድርጊት ቲ1033 እና ቲ1087 በሚሉ መለያዎች መድቦታል፤ ነገር ግን ትእዛዞቹ የአስተዳዳሪም የዕለት ሥራ ስለሆኑ በስማቸው ብቻ መፍረድ አይቻልም። እኔ በቅድሚያ የማየው ከትእዛዙ ቀጥሎ የተጻፈውን ነው። የይለፍ ቃል የሚቀይር ባልደረባ «ጌት-ኤዲዩዘር» ብሎ «አይደንቲቲ» ላይ የአንድ ሰው ስም ይጽፋል፤ «ፊልተር» ላይ ኮከብ አስቀምጦ ሁሉንም የሚያወጣ ሰው ግን ዝርዝር እየሰበሰበ ነው። በኤልዳፕ (የተጠቃሚዎች ማውጫ በሚጠየቅበት ሥርዓት) ፍለጋ ውስጥ 805306368 የሚለውን ቁጥር ካገኙ ደግሞ ቆም ብለው ይዩት። ቁጥሩ መደበኛ የተጠቃሚ አካውንቶችን ሁሉ የሚያመለክት ሲሆን፣ ፓወርቪውን የመሳሰሉ የአጥቂ መሣሪያዎች ይጠቀሙበታል። በሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ቢታይ እኔ ሌላ ማስረጃ ሳልጠብቅ ስልክ እደውላለሁ።

ሁለተኛው ሥራ ፓወርሼልን ያስነሳው ፕሮግራም ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። 4104 ይህን ስለማይነግርዎ በፕሮሰስ (በሥራ ላይ ባለ ፕሮግራም) ቁጥሩ፣ አዲስ ፕሮሰስ ሲነሣ ከሚጻፈው ኢቨንት 4688 ጋር ያገናኙት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ 4688 የፕሮሰስ ቁጥሩን በ16 መሠረት ሲጽፍ 4104 በተለመደው የ10 መሠረት ይጽፈዋል። በ4688 ላይ 1684 የተባለው በ4104 ላይ 5764 ነው። ቁጥሩ ተመልሶ ለሌላ ፕሮሰስ ስለሚሰጥ ሰዓቱንም ያመሳክሩ። ወላጁ፣ ማለትም ፓወርሼልን ያስነሳው ፕሮግራም፣ ዎርድ ወይም ኤክሴል ሆኖ ከተገኘ ትእዛዙ ተራ «ሁአምአይ» ቢሆንም ጉዳዩ ከባድ ነው።

መልስ 2

ከላይ በተባለው ላይ የመዝገቡን ወሰን ልጨምር። አጥቂው ትእዛዙን በሲኤምዲ (በአሮጌው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) ከጻፈ፣ ወይም ሻርፕሃውንድ የተባለውን የመረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ ራሱን እንደቻለ ፕሮግራም ካስነሳ፣ 4104 ምንም አይመዘግብም። ስለዚህ 4688 ከነትእዛዝ መስመሩ መብራት አለበት፤ የትእዛዝ መስመሩ በራሱ የሚበራ አይደለም፣ የተለየ ፖሊሲ ይፈልጋል።

የቃላት መቆራረጥም አለ። አንድ ሰው «ሁ» እና «አምአይ»ን በመደመር ምልክት አገናኝቶ ጽሑፍን እንደ ትእዛዝ በሚያስኬደው «ኢንቮክ-ኤክስፕሬሽን» ካስኬደው፣ መዝገቡ የተቆራረጠውን ከጻፈ በኋላ የተገጣጠመውን በሌላ ኢቨንት ይጽፍልዎታል። ያንኑ በ«እና» ምልክት (&) ከጠራው ግን የሚያገኙት የተቆራረጠውን ብቻ ነው፣ ሕግዎም ያልፈዋል። አጥቂው ወደ ፓወርሼል 2 ከወረደ ደግሞ ስክሪፕት ብሎክ ሎጊንግ ጨርሶ የለም። አሮጌውን ስሪት ከየማሽኑ ያስወግዱት፤ እስኪወገድ ድረስ በ«ዊንዶውስ ፓወርሼል» መዝገብ ኢቨንት 400 ላይ የሞተር ስሪቱ 2 የሆነውን ይከታተሉ።

የመዝገቡን መጠንም ይመልከቱ። በነባሪው 15 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ አንድ ረጅም ሞጁል ሲጫን አሮጌው እየተገፋ ይጠፋል።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወላጅ ፕሮሰሱን ካገናኘሁና ኮከቡን ከነጠላ ስም ከለየሁ በኋላ የቀረው ማንቂያ አንድ ሰው ጠዋት ገብቶ የሚጨርሰው ሆኗል። ፓወርሼል 2 በሦስት አሮጌ ሰርቨሮች ላይ እስካሁን ነበረ፤ አንዱን አጥፍቻለሁ፣ ለሁለቱ ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ጥሬው ኢቨንት ሰዓቱን ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ አቆጣጠር (ዩቲሲ) ስለሚይዝ፣ 23፡10 የሚለውን ባልደረባዬ ከምሽቱ 5፡10 ብሎ ተርጉሞት የማታ ተረኛውን ስንጠይቅ ዋልን። እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 8፡10 ነበር፤ በዚያን ሰዓት ደግሞ የመጠባበቂያ ቅጂ ስክሪፕታችን ይነሣል።