የሊኑክስ ድራይቨር ፕሮብ ከመሃል ሲከሽፍ የተያዘውን ማን ይልቀቅ?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ኮምቦልቻ ለአንድ የእህል መጋዘን የእርጥበት መለኪያ እየሠራሁ ነው። ራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ በአይቱሲ (I2C፣ የሁለት ሽቦ መገናኛ) የተገናኘ ሰንሰር ነው፤ የሊኑክስ ድራይቨሩን (ሰንሰሩን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ራሴ በሲ እጽፋለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰንሰሩ አንዳንዴ ይዘገያል። ያኔ ፕሮብ (ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ድራይቨሩን ሲያስጀምር የሚጠራው ፈንክሽን) -121፣ የንባብ ስህተት፣ ብሎ ይወጣል። እሺ፣ ይውጣ። ሞጁሉን አውጥቼ መልሼ ስጭነው ግን አይአርኪው (IRQ፣ ሰንሰሩ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት የኢንተራፕት መስመር) ስጠይቅ -16፣ "ተይዟል" ይለኛል። ማን ያዘው? ፓዩን ካላጠፋሁት አይለቅም። ፕሮቡ መጀመሪያ ሜሞሪ በኬዛሎክ (kzalloc፣ የከርነሉ ሜሞሪ መውሰጃ) ይወስዳል፣ ቀጥሎ አይአርኪው፣ ከዚያ የቺፑን መለያ ያነባል። ንባቡ እምቢ ካለ ሪተርን።

ከጦሳ ስር (ደሴ)፦
አብሽር ወንድሜ። የያዝከው አንተው ነህ። ፕሮብ ስህተት መልሶ ከወጣ ከርነሉ ሪሙቭን (ድራይቨሩ ሲወጣ የሚጠራውን ፈንክሽን) አይጠራልህም። የያዝከውን ራስህ ለቀህ ነው የምትወጣው፤ ያውም ከኋላ ወደ ፊት። መጀመሪያ አይአርኪው፣ ቀጥሎ ሜሞሪ። ሜሞሪውን ካስቀደምክና በመሃል ኢንተራፕት ከመጣ ሀንድለሩ (ኢንተራፕት ሲመጣ የሚሠራው ኮድህ) የተለቀቀ ሜሞሪ ይነካል። ያኔ ጉድ ፈላ።

ለዚህ ጎቱ (goto፣ በሲ ወደ ሌላ መስመር መዝለያ) ተጠቀም። ትምህርት ቤት "ጎቱ ሐራም ነው" ብለውን ነበር። የከርነሉ የኮድ አጻጻፍ መመሪያ ግን ለዚሁ ሥራ ይቀበለዋል። ሌብሎቹን (ጎቱ የሚዘልባቸውን ቦታዎች ስም) በቁጥር አትሰይም፤ መሃል ላይ አንድ ነገር ስትጨምር ይዘበራረቃሉ። የሚሠሩትን ጻፍባቸው። -1 መመለስም ይቅርብህ፣ ከርነሉ "ፈቃድ የለም" ብሎ ነው የሚረዳው። -121ን እንደመጣ አሳልፈው።

የሆጤው፦
ምን አደከመህ? በዴቭኤም (devm_) የሚጀምሩትን ፈንክሽኖች ተጠቀምና ተገላገል። ፕሮብ ሲከሽፍ ከርነሉ ራሱ ይለቅልሃል፣ ቅደም ተከተሉንም ጠብቆ።

ከጦሳ ስር፦
ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ግማሽ አታድርገው። አይአርኪው በዴቭኤም፣ ሜሞሪ በተራው ኬዛሎክ ከሆነ፣ ሪሙቭ ላይ ሜሞሪውን በእጅህ ትለቃለህ። አይአርኪው የሚለቀቀው ግን ሪሙቭ ካለቀ በኋላ ነው። ያው ጉድ በሌላ በር ገባ።

የቦርከና ልጅ፦
ሁለቱንም ወደ ዴቭኤም አዞርኳቸው፣ ንባቡንም ከአይአርኪው በፊት አመጣሁት። -16 ጠፋ፣ አላህ ይስጣችሁ። ለሚዘገየው ሰንሰር -517 ("ፕሮቡን ቆይተህ ሞክር") ብመልስ ከርነሉ ደግሞ ይሞክርልኛል?

ከጦሳ ስር፦
እሱ ሌላ ድራይቨር ለምትጠብቅበት ነው፤ የኃይል ሬጉሌተር፣ ክሎክ ምናምን። ደግሞ የሚሞክረው ሌላ ድራይቨር ሲሳካለት ስለሆነ፣ የሚመጣ ከሌለ ተገትረህ ትቀራለህ። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ላይ የሰንሰሩን የመነሻ ጊዜ እይ። ያን ያህል በኤምስሊፕ (msleep፣ በሚሊሰከንድ ማቆያ) ጠብቀህ ደግመህ አንብብ፤ ገደብ ግን አብጅለት። አልሆን ሲል -121ህን ይዘህ ውጣ።