አስቸኳይ፦ ሐይቁ የግቢያችንን ዳርቻ እየናደው ነው፤ የግምቡ መሠረት ስንት ሜትር ይውረድ?

ቡናዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከትናንት በስቲያ ሌሊት ጀምሮ የግቢያችን ዳርቻ እየተናደ ነው። ወንድሜ በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልቶ ቢደረድርም፣ ሞገዱ አፈሩን አጥቦ ባዶ ከረጢቱን ብቻ ጥሎልን አድሯል። የማንጎው ሥር በግማሽ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የቡና መጋዘናችንም ከጠርዙ የቀረው አራት እርምጃ ያህል ነው። ግንበኛው ነገ ጠዋት ቀጥ ያለ የድንጋይ ግምብ በሲሚንቶ ሊጀምር ስለሆነ፣ መሠረቱ ስንት ሜትር መውረድ እንዳለበት የምታውቁ ፈጥናችሁ ንገሩኝ። ጎረቤቶቻችን ይህ ሁሉ የመጣው የሕዳሴው ግድብ ስለሞላ ነው ይላሉ፤ እንዲያ ከሆነ ውሃው ገና ሊጨምር ነው ብለን ሰግተናል።

ጥቁር ድንጋይ፦
ጋቢዮን (በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ ሣጥን) ያሠሩ። ግምቡን ይተዉት።

የመንገድ ሰው፦
እህቴ፣ የትኛው ሐይቅ እንደሆነ፣ የገደሉ ከፍታ ስንት እንደሆነና አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይነግሩን የመሠረት ጥልቀት መጠየቅ፣ ሐኪም ቤት ሳይሄዱ መድኃኒት ማዘዝ ነው።

ቡናዋ፦
ይቅርታ፣ ሁሉም የሚያውቅ መስሎኝ ነው። ጣና ነው፤ በዘጌ በኩል። ገደሉ ከሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣል፤ አፈሩ ቀይ ሲሆን ከሥሩ ጠቆር ያለ ጭቃ አለው።

ከሮተርዳም፦
ጉዳዩን ሰፋ አድርገን ብንመለከተው መልካም ነው። ሆላንዶች ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባሕር ዳርቻቸው ከነበረበት መሥመር ወደ ኋላ እንዳይሸሽ በፖሊሲ ወስነው፣ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሜትር ኩብ አሸዋ ከባሕሩ ወለል እየመጠጡ ዳርቻው ላይ ያፈሳሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ በደቡብ ሆላንድ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ በአንድ ቦታ ከምረው፣ ነፋሱና ሞገዱ ራሳቸው በዳርቻው ርዝመት እንዲያከፋፍሉት ተዉት። ከዚህ የምንማረው ሞገድን በግምብ ከመጋፈጥ ይልቅ ኃይሉን በተዳፋት ላይ ቀስ በቀስ ማድከም እንደሚሻል ነው።

ታንኳ ቀዛፊ፦
ወንድሜ፣ እህታችን አራት እርምጃ መሬት ቀርቷት አንተ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ታዝዝላታለህ? በአህያ ይምጣ ወይስ በታንኳ?

ከሮተርዳም፦
አሸዋ ታምጣ አላልኩም፤ ተዳፋት ይሁን ነው ያልኩት።

የሐይድሮሎጂ ተማሪ፦
በመጀመሪያ የሕዳሴው ግድብ ነገር ይስተካከል። ግድቡ ሞልቶ ሲተኛ የውሃው ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ነው፤ ጣና ግን 1,786 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። በመካከላቸው የጢስ ዓባይ ፏፏቴና ያ ሁሉ ሸለቆ እያለ፣ ታች ያለ ውሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ላይ ተመልሶ ጣናን ሊሞላ አይችልም። የጣናን ከፍታ የሚቆጣጠረው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር የሚገኘው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ነው፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውሃ ይወስዳል። ሐይቁ ግድብ ሳይኖርም ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት መባቻ፣ ከፍተኛው ላይ ይደርስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የእርስዎ ጥያቄ መሆን ያለበት «ውሃው ምን ያህል ይጨምራል?» ሳይሆን «አምና በዚሁ ከፍታ ያልተናደው ዳርቻ ዘንድሮ ለምን ተናደ?» የሚለው ነው። ከግቢያችሁ ፊት ለፊት ደንገል ነበረ?

ቡናዋ፦
ነበረ። ለታንኳ የሚፈልጉ ሰዎች አጭደው ወስደውታል፤ የቀረውን ደግሞ ከብት በላው። እኛም ለጀልባ ማቆሚያ የተወሰነውን አስነቅለናል። ግን ደንገል ይህን ሁሉ ሞገድ ይችላል እንዴ?

የሐይድሮሎጂ ተማሪ፦
ብቻውን ሁሉንም አይችልም፤ ነገር ግን ዋናውን ሥራ ይሠራል። ጣና ወደ 84 ኪሎ ሜትር የሚረዝምና ወደ 66 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሜዳ ውሃ ስለሆነ፣ ነፋሱ ያለ ከልካይ ረጅም ርቀት እየገፋ ሞገዱን ያሳድገዋል። ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ያንን ሞገድ ዳርቻው ሳይደርስ ያዳክመዋል፤ ሥሩም ጭቃውን አቆላልፎ ይይዘዋል። እሱ ሲነቀል ሞገዱ በቀጥታ የገደሉን እግር ይቦረቡራል፤ ከላይ ያለው አፈርም ድጋፍ ስለሚያጣ በቁራጭ በቁራጭ ይወርዳል።

ታንኳ ቀዛፊ፦
እምቦጩ ሐይቁን እንዲህ ከሸፈነው ቢያንስ ሞገዱን ይስበርልን እንጂ!

የሐይድሮሎጂ ተማሪ፦
ቀልድ ቢሆንም እንመልሰው። እምቦጭ ተንሳፋፊ ስለሆነ ሥሩ መሬት አይይዝም፤ ነፋሱ ዛሬ ወደ እርስዎ፣ ነገ ወደ ጎረቤት ይገፋዋል።

ጥቁር ድንጋይ፦
አሁንም ጋቢዮን እላለሁ።

የመንገድ ሰው፦
ወንድማችን የሚለው ትክክል ነው፤ አሠራሩን ግን አልነገራቸውም። ቀጥ ያለ የሲሚንቶ ግምብ ሞገዱን መልሶ ወደ ታች ስለሚመታው የራሱን እግር ይቆፍራል፤ ከኋላው ደግሞ የክረምት ውሃ ተጠራቅሞ ይገፋዋል፤ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ከሌለው ከፊት ተቦርቡሮ፣ ከኋላ ተገፍቶ ወደ ሐይቁ ይተኛል። ስለዚህ ግንበኛው ነገ አይጀምር። ገደሉን ወደ ላይ አንድ ሲሄድ ወደ ጎን ሁለት እንዲሆን አድርጋችሁ አስተዳፉት፤ በተዳፋቱ ላይ ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር) ጨርቅ፣ እሱ ካልተገኘ ደቃቅ ጠጠርን ከታች፣ ሻካራውን ከላይ አድርጋችሁ አንጥፉ። ይህ ንጣፍ ከሌለ ሞገዱ በድንጋዮቹ መካከል አፈሩን እየመጠጠ ያወጣዋል፤ እናንተም ድንጋዩ ሰጠመ እያላችሁ ዓመት ሙሉ ስትጨምሩ ትኖራላችሁ። ከዚያ በላይ ድንጋይ ይደረደራል፤ የመጀመሪያው ረድፍ ግን አሁን ካለው የውሃ ውስጥ ወለል ዝቅ ብሎ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ መቀበር አለበት። ድንጋዩ ከባዱ ጥቁር ድንጋይ ይሁን እንጂ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላሉ አይሁን፤ በዚያ አካባቢ ሁለቱም ስላሉ ነጋዴው ቀላሉን ሊጭንባችሁ ይችላል። ትልልቅ ድንጋይ ካልተገኘ ያኔ ጋቢዮን ነው፦ በዚንክ የተለበጠ የሽቦ ሣጥን ሆኖ፣ ውስጡ የሚገባው ድንጋይ ከሽቦው ቀዳዳ የሚበልጥ፣ በእጅ የተደረደረ እንጂ በአካፋ የተወረወረ ያልሆነ።

ቡናዋ፦
እስከዚያ መጋዘኑን ምን ላድርገው? ዛሬ ማታ ነፋስ ይመጣል ብለውናል።

የመንገድ ሰው፦
ቡናውን ዛሬውኑ ያውጡት፤ ይህን የሚተካ ዘዴ የለም። ለከረጢቶቹ አፈር ሳይሆን ሻካራ አሸዋና ጠጠር ይግባባቸው፤ እስከ አፋቸው ሳይሞሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይያዙና አፋቸው ታጥፎ ወደ ገደሉ ዞሮ ይተኛ፤ ረድፎቹም እንደ ጡብ መገጣጠሚያቸው እየተፈራረቀ ወደ ኋላ ዘመም ይበል። ፀሐይ ከረጢቱን በጥቂት ወራት ስለሚያነክተው ይህ የጊዜያዊ ብቻ ነው። የማንጎውን ቅርንጫፎች ቀንሱለት፤ ነፋስ ይዞት ሲወድቅ ከነሥሩ ትልቅ የአፈር ቁራጭ ይገነጥላል። ጉቶውንና ሥሩን ግን አትንቀሉ።

አትክልተኛዋ፦
በተዳፋቱ የላይኛ ክፍል ቬቲቨር ሣር ይተከል፤ ሥሩ ወደ ታች እስከ ሦስት ሜትር ይወርዳል። አሁን ክረምቱ ስላለፈ እስኪይዝ ድረስ ውሃ ማጠጣት ግድ ነው። ደንገሉ ደግሞ ሐይቁ ሲቀንስ፣ ጥልቀት በሌለው ጭቃ ላይ ከነግንደ ሥሩ ተቆርጦ ይተከል፤ ከብት እንዳይገባ እስካልታጠረ ድረስ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው። ለጀልባ ጠባብ መግቢያ ብቻ መተው ይበቃል።

ሕግ አዋቂ፦
ሁላችሁም የረሳችሁት አለ። የሐይቅ ዳርቻ በውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሚጠበቅ ነው፤ ጣናም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮውና የሰው ኑሮው አብረው የሚጠበቁበት ቦታ) ሆኖ ተመዝግቧል። ግምብም ሆነ ጋቢዮን ከማስጀመራችሁ በፊት ለሚመለከተው የወረዳ ጽሕፈት ቤት አመልክታችሁ የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ።

የመንገድ ሰው፦
ከሕጉ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። የድንጋዩ ሥራ የእርስዎ ግቢ ጫፍ ላይ በድንገት ካለቀ፣ ሞገዱ ጫፉን ዞሮ የጎረቤትን መሬት ይበላል፤ ከዚያም በጎን በኩል ከሥራችሁ ኋላ ይገባል። ሁለቱንም ጫፎች ወደ መሬቱ አጥፋችሁ አስገቡ፤ ከተቻለ ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድነት ሥሩት፤ የድንጋይ ማመላለሻውም ወጪ ይቀልላችኋል። የገደሉን ከፍታ በሜትር ለክተው፣ ከውሃው በኩል የተነሣ ፎቶም ጨምረው ቢልኩልኝ የድንጋዩን መጠን ላሰላልዎት እችላለሁ።

ታንኳ ቀዛፊ፦
እህታችን፣ ግንበኛው መጣ ወይስ ቀረ?

ጎረቤት ሐይቅ፦
እኔ ሐዋሳ ነኝ። በእኛ በኩል ደንገል የለም፤ ቄጤማ ነው ያለው። ቄጤማም በዚሁ መንገድ ይተከላል?