ሁለተኛው መጽሐፍ ወደ ኋላ ይሂድ ወይስ ወደ ፊት?

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የምኖረው። የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ረቂቅ ጨርሻለሁ። ሂርማታ ገበያ አጠገብ ስለሚኖር የቡና ነጋዴ ቤተሰብ ነው። በ1966 ይጀምራል፤ የሚያልቀው ልጅቷ ዘሐራ በአውቶቡስ ግቤን ስትሻገር ነው። ሦስት መጽሐፍ ይሆናል ብዬ ነበር። አሁን እየሰፋ አምስት ሊደርስ ነው።

ያስጨነቀኝ ሁለተኛው ነው። ዘሐራን ተከትዬ አዲስ አበባ ልግባ? ወይስ ወደ አያቷ ልመለስ? አያትየው የአባ ጅፋርን ዘመን ያየች፣ ጣሊያን ከተማውን ሲይዝም የነበረች ናት። የጅሬንን ቤተ መንግሥት እያየሁ ስላደግሁ ልቤ እዚያ ነው። ጅማ የቀረ ታናሽ ወንድም ደግሞ አለ፣ ሙክታር። ረቂቁን ያነበቡ ሁሉ «እሱስ ምን ሆነ?» ይሉኛል። እኔ ለመጨረሻው ነበር ያቆየሁት። ለዚህ ቤተሰብ ዕድሜዬን ብሰጥ አይቆጨኝም፤ አንባቢ ግን መሃል ላይ እንዲተወኝ አልፈልግም። ምን ትሉኛላችሁ?

ነጠላ ሰረዝ፦
እህቴ፣ ባለፈው እዚህ የለጠፍሽውን ምዕራፍ አንብቤዋለሁ። አያትየው ባለ ሦስት እግር በርጩማዋ ላይ ሰው አታስቀምጥም። ባሏ ሞቶ፣ ለቅሶ ደራሹ ቆሞ፣ በርጩማው ባዶውን ነበር። ለምን? እኔ አሁንም እሱን እያሰብኩ ነው።

ግን ለአያትየው አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሁን አትስጪ። በ1966 በሕይወት እንዳለች አውቃለሁ፤ ጣሊያን ቢመጣባትም አልሰጋላትም። ወደ ኋላ መሄድ የሚያዋጣው የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበብኩበትን ዓይን የሚቀይርልኝ ከሆነ ነው። የበርጩማው ምስጢር ያን ያህል ከባድ ከሆነ፣ ቀስ እያልሽ በሌላው ታሪክ ውስጥ አውጪው።

አጋሮ፦
ልጄ፣ አባቴም እኔም በቡና ንግድ ነው ያረጀነው። በዚያ ዘመን ላይ መጻፍሽ ደስ ብሎኛል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጁ ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ብራዚል፣ ፓራና በሚባለው ግዛት፣ ውርጭ ቡናውን ፈጀው። ፍሬው ብቻ ሳይሆን ዛፉ ነው የተቃጠለው። ስለዚህ የዓለም ዋጋ እየጨመረ ሄዶ ሚያዝያ 1969 ጣሪያ ነካ።

ሙክታር እንግዲህ እዚህ መሃል ነው ያለው። አባቱ መሬቱን ተወስዶበታል፣ ዓለም ደግሞ ቡና ቡና ይላል። የውጭ ንግዱም ወደ መንግሥት እጅ እየገባ ነው። መጋዘን ውስጥ የተደበቀ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ቢኖራቸውስ? ለማን ይሸጣሉ? ማን ይጠቁምባቸዋል?

በ1986 ክረምት ብራዚልን እንደገና ውርጭ መታት፤ ዋጋው እንደገና ሰማይ ወጣ። ያኔ ደርግ ወድቋል። ከአንዱ ውርጭ እስከ ሌላው ውሰጂው።

የሰፈር አንባቢ፦
እኔም ሙክታር እላለሁ። ደግሞ የሁሉንም ሰው ዕድሜ በአንድ ደብተር ያዢ። ተከታታይ መጽሐፍ ሳነብ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው፣ አክስትየው በአንድ ዓመት አሥር ዓመት ታረጃለች።

የጅሬን ልጅ፦
አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሁለቱን ውርጭ አያይዤ አስቤው አላውቅም ነበር። ሌሊቱን ተቀምጬ ቆጠርኩት። ሙክታር በ1967 የ12 ዓመት ልጅ ነው፣ በ1986 ደግሞ 31 ይሞላዋል። ሁለተኛው መጽሐፍ የእሱ ነው። በርጩማው ለእሱ ይደርሰዋል፤ የአያትየው ታሪክ በዚያ በኩል ይወጣል። የአዲስ አበባውን መጽሐፍ ትቼዋለሁ። ዘሐራ በደብዳቤ ትመጣለች፣ በሦስተኛው ራሷ ትመለሳለች። በዚያ ያልቃል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የተደበቀ ጀንፈል ክረምቱን ሻጋታ ሳይነካው እንዴት ይቆያል?

አጋሮ፦
ከመሬት ከፍ አድርጎ ጣውላ ላይ መደርደር፣ ከግድግዳም ማራቅ ነው። ግን መጀመሪያ ደርቆ መግባት አለበት። እፍኝ ዘግነሽ ስትነቀንቂው ፍሬው ውስጡ መንኳኳት አለበት፤ ዝም ካለ ገና ነው። ሙክታር ያን ድምፅ ከአባቱ ቢማር ጥሩ ነው።