«ጭስ ያለበት መኪና ሊከፍል ነው» የሚባለው እውነት ነው? አባቴ ሚኒባሱን ይሽጥ ወይስ ይቆይ?

የሹፌሩ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ጎበዝ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ስለሚረዝም ይቅርታ።

አባቴ ከደብረ ማርቆስ ሉማሜና ደጀን የሚሠራ ሚኒባስ አለው። አሮጌ ሃይሩፍ ነው፤ ናፍጣ፣ 3ኤል ሞተር። በዕድሜ ይበልጠኛል። አራት ልጅ ያሳደገው በእሱ ነው። ጠዋት ሲነሳ የሚያወጣውን ጭስ ግን አልደብቅም፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ ውስጥ አንድ ቪዲዮ በየስልኩ ሲዞር ሰነበተ። ፊቱን የሸፈነ ሰው ረጅም እጀታ ባለው መቀስ የመንገድ ካሜራ ገመድ ሲቆርጥ ያሳያል። ከሥሩ በአማርኛ «አሮጌ መኪና ከተማ በገባ ቁጥር ሊከፍል ነው፤ ሕዝቡ እምቢ ብሏል» ተብሎ ተጽፎበታል። የት አገር እንደሆነ አይልም። በማግሥቱ ወሬው «ባሕር ዳር ሊጀመር ነው፤ ቀጥሎ ማርቆስ» ሆኖ ቁጭ አለ። ይህን የሰማ አንድ ደላላ ቤታችን ድረስ መጣና «ጋሼ፣ ዋጋው ሳይወድቅ ልሽጥልዎት» አለው። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለውም።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ቪዲዮው የየት ነው? እኛ ዘንድስ እንዲህ ያለ ክፍያ አለ? ጭሱ በጥገና ይቀንሳል ወይስ መሸጡ ነው የሚያዋጣው?

ባለ ባጃጅ፦

አይዞህ ወንድሜ። ደላላ ባለበት ወሬ አይጠፋም። ለመሆኑ ስንት ሰጠው?

የሹፌሩ ልጅ፦

እዚህ ብጽፈው ትስቃላችሁ። ይቅር።

ጎጃሜ በለንደን፦

ወንድሜ፣ ቪዲዮው የእኛ ከተማ ነው የሚመስለው። ፊት መሸፈኛና ረጅም መቀስ ካለ እነዚያው ናቸው። እዚህ «ብሌድ ራነርስ» ይሏቸዋል። ገመድ ይቆርጣሉ፤ የካሜራውን ዓይን ቀለም ይቀቡታል። የሌሊት ወፍ ማደሪያ ሣጥን አምጥተው ካሜራው ፊት የገጠሙም ነበሩ። የሌሊት ወፍ እዚህ በሕግ የተጠበቀች ናት፤ ማደሪያዋን መነካካት ያስጠይቃል። ተንኮሉ ገባህ?

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ዩሌዝ የሚባል ሥርዓት አለ። ጭሱ ከተፈቀደው በላይ የሆነ መኪና ለንደን ውስጥ በተነዳበት ቀን 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል። የሚያስቆምህ ሰው የለም። ካሜራ ታርጋህን ያነባል፤ ካልከፈልክ የ180 ፓውንድ ቅጣት በፖስታ ይመጣል፣ ቶሎ ከከፈልክ ግማሹ። ቤንዚን ከሆነ ከ2006 ወዲህ የተሠራው በአብዛኛው ያልፋል። ናፍጣ ግን ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ያለው ነው። የብዙ ሰው ንዴት እዚህ ላይ ነው፤ ድሮ መንግሥት ራሱ ናፍጣ ግዙ ሲል ነበርና።

በ2019 መሃል ከተማው ላይ ሲጀመር እንደ ኋላው አልተጮኸም። እዚያ ባቡርም አውቶቡስም እንደ ልብ ነው። በ2021 ሰፋ። በኦገስት 2023 ዳር ዳሩን በሙሉ ሲያጠቃልል ግን ሰው ተነሳ።

እኔም ተነስቻለሁ፤ አልዋሽም። የምኖረው ዳር ላይ፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ነው። የ2011 ናፍጣ መኪና ነበረችኝ፤ ሥራዬ የሌሊት መጋዘን። ክፍያው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው የሚቆጠረው። ማታ አራት ሰዓት ወጥቼ ጠዋት አንድ ሰዓት ስመለስ ሁለት ቀን ይሆንብኛል። ለአንዲት ሌሊት ሥራ 25 ፓውንድ! ሰልፍ ላይ ከጎኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፣ አረጋውያን የምትንከባከብ ሴት ነበረች፣ ጡረተኛ ነበር። «ጭስ ይብዛልን» ያለ አልሰማሁም። «ቀይሩ ስትሉን በምን እንቀይር? በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የት አለ?» ነበር የሚሉት።

አሮጌ መኪናውን ለሚያስወግድ 2,000 ፓውንድ ይሰጥ ነበር። መጀመሪያ ግን ድጎማ ላይ ላሉና ለመሰሎቻቸው ብቻ። ለሁሉም ነዋሪ የተከፈተው ክፍያው ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። እኔ ያኔ ደንግጬ በርካሽ ሸጬ ጨርሻለሁ። ለአባትህ ይህችን ንገርልኝ።

አምስት የአካባቢ አስተዳደሮች ከንቲባውን ከሰው በጁላይ 2023 ተረቱ። በዚያው ወር አክስብሪጅ በምትባል ወረዳ በተደረገ የማሟያ ምርጫ የከንቲባው ፓርቲ በ495 ድምፅ ተሸነፈ፤ ሰዉም የዩሌዝ ጣጣ ነው አለ። ከንቲባው ሳዲቅ ካን ግን ፍንክች አላለም። በ2024 እንደገና ተመረጠ።

ባለ ባጃጅ፦

ይኸው እኮ! አዲስ መኪና የሚገዛ ሀብታም አይከፍልም። አሮጌ የሚነዳ ድሃ ይከፍላል። እንዲህ ያለ ነገር እኛ አገር ከመጣ መቀሱን እኔ ነኝ የምገዛው።

የመናኸሪያዋ፦

መቀሱን ስትገዛ ለእኔም ፎጣ ግዛልኝ።

እኔ መኪና የለኝም። መናኸሪያ በር ላይ ጀበና ቡና ነው የምሸጠው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ረከቦቱን ዘርግቼ ሲኒውን እደረድራለሁ። ሚኒባሶቹ ሰው እስኪሞላ ሞተር አይጠፉም፤ የጭስ ማውጫቸው ወደ እኔ ነው። ነጭ ፎጣ አለኝ ሲኒ የምወለውልበት። ሦስት ሰዓት ሳይሆን የምጣድ ጥላሸት የተጠረገበት ይመስላል። ከሲኒው ላይ የሚነሳው ነው እንግዲህ፤ ሳንባዬ ውስጥ የገባውን ማን ይወለውለዋል? ልጄ ከጎኔ ነው የሚውለው፣ ክረምት ከበጋ ያስለዋል።

ድሃ ይከፍላል ትላላችሁ። መኪና የሌለን ድሆችስ? እኛ ስንከፍል የኖርነውን የሚጽፍ ካሜራ ስለሌለ ነው?

ባለ ባጃጅ፦

እህቴ፣ ልክ ነሽ። አሁን ምን እላለሁ።

የጣና ዳር፦

ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ በጤና ሙያ ላይ ነኝ። መጀመሪያ ለጠያቂው። እዚህ ከተማ መግቢያ ላይ ታርጋ እያነበበ በጭስ የሚያስከፍል ካሜራ የለም። ማርቆስም የለም። ያለው የምታውቁት ዓመታዊ ምርመራ ነው፤ ቦሎ። እሱም ቢሆን ጭሱን አይቶ ያስጨንቃል እንጂ በየቀኑ አያስከፍልም።

መንግሥት የያዘው መንገድ ሌላ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2012 በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ሲገባ በዕድሜው ልክ ቀረጡ እንዲከብድ ተደረገ። በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተባለ። ሁለቱም ድንበር ላይ የሚያበቁ ናቸው፤ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ አውጡ አይሉም። እንደ እኔ አዲስ እንደ ልብ የማይገባ ከሆነ ያለው ሚኒባስ የሚረክስበት ምክንያት አይታየኝም። ደላላውም ይህን ሳያውቅ አይቀርም።

የመናኸሪያዋ እህቴ ያለችው ለንደንም ውስጥ ተነስቷል። ኤላ ኪሲ ዴብራ የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ከትልቅ መንገድ አጠገብ ነበር ቤታቸው። አስም ነበረባት፤ በ2013 ሞተች (ከዚህ በኋላ ዓመቱ በፈረንጅ ነው)። እናቷ ለዓመታት ተሟገተች። በ2020 ዲሴምበር የሞቷን ምክንያት የሚያጣራው ዳኛ የአየር ብክለት አንዱ ምክንያት መሆኑን መዘገበ። የለንደኑ ከንቲባ ለክፍያው ሲሟገት ከፊት የሚያነሳው እሷን ነው።

ደግሞ ሁሉም ከተማ እንደ ለንደን አልጸናም። የእንግሊዟ ማንችስተር በሜይ 2022 ጭሱ ከተፈቀደው በላይ በሆነ ታክሲ፣ ጭነትና አውቶቡስ ላይ ልትጀምር ምልክቱን ሰቅላ፣ ካሜራውን ተክላ ነበር። ባለታክሲው ጮኸ፤ ክፍያው መጀመሪያ ተራዘመ፣ በመጨረሻም ቀረ። የፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤትም አሮጌ መኪና ከከተማ የሚከለክለው ሕግ እንዲቀር በ2025 ድምፅ ሰጥቷል።

እኔን የሚገርመኝ የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ነው። የእሷ እንኳ የጭስ ሳይሆን የመንገድ መጨናነቅ ክፍያ ነው። ከመጀመሩ በፊት አብዛኛው ሰው ተቃውሞት ነበር። ከተማዋ «ሰባት ወር ሞክሩት፣ ከዚያ ድምፅ ስጡ» አለች። ከጃንዋሪ 2006 ጀምሮ ተሞከረ። ከሙከራው አስቀድሞ ደግሞ ተጨማሪ አውቶቡስ አስገብተው ነበር። መኪናው በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። በሴፕቴምበር ድምፅ ሲሰጥ ነዋሪው «ይቀጥል» አለ። አውቶቡሱ ቀደመ፣ ክፍያው ተከተለ። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሂሳቡ ነው የሚቀድመው።

ቁልፍ 13፦

ፖለቲካውን ለእናንተ ትቼ ወደ ሞተሩ ልግባ። ሃያ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ነኝ።

የሹፌሩ ልጅ፣ መጀመሪያ የጭሱን ቀለም ንገረኝ። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በደንብ አልተቃጠለም። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ያ ሞተር ማውረድ ይጠይቃል፣ ብር አዘጋጅ። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውሃ ገብቶ ይሆናል፤ የቴስታታ (የሞተር ክዳን) ጋስኬት አስፈትሽ። ቀለሙ ካልተለየልህ ነጭ ወረቀት ከጭስ ማውጫው አንድ ክንድ ርቀህ ያዝና አባትህ ነዳጅ ይስጠው። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ እፎይ በል። ቅባት ካለው አትበል።

እንደ ግምቴ ጥቁር ነው የሚሆነው። ምክንያቱን ልንገርህ። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ) የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር ቆላ ላይ የሚያገኘውን አየር እዚህ አያገኝም፤ ናፍጣው ግን ያው ነው የሚረጨው። ስለዚህ ይተርፋል፤ የተረፈው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ ሹፌሩ «ዳገት ላይ ጉልበት አነሰኝ» ይላል። መካኒኩ ምን ያደርጋል? የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን ዞር አድርጎ ናፍጣ ይጨምርለታል። ጉልበት ትንሽ ይመጣል፤ ጭሱና የነዳጅ ወጪው ግን ይበዛል። ይህን እኔም ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ ባለ መኪናው ሲለምንህ እምቢ ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ በርካሹ ጀምር። የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ ፀሐይ ላይ ያዘው። ብርሃን ካላሳለፈ ጣለው። በአየር አስነፍቶ መመለስ አንዴ ሁለቴ ነው፤ አሥር ጊዜ አይደለም። ቀጥሎ የናፍጣ ፊልትሮ። በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ከሆነ የምትቀዱት፣ ቆሻሻና ውሃ አይጠፋውም። ከዚያ ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አስወርደህ በማሽን አስለካ፤ መርጨት ሲገባው የሚያንጠባጥብ ካለ ኖዝሉ (የሚረጭበት ጫፍ) ይቀየር። መጨረሻ ላይ ፖምፓውን ወደ ቦታው የሚመልስ ሰው ፈልግ፤ በጆሮ ሳይሆን በማሽን። ይህን ሁሉ አድርጎ ጭሱ ካልቀነሰ ያኔ ስለ መሸጥ እናወራለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ሞተር ያጥፋ። ባትሪው ደክሞ «ካጠፋሁት አይነሳም» ብሎ ከሆነ፣ መቀየር ያለበት ባትሪው ነው።

የሹፌሩ ልጅ፦

ጋሼ፣ እንዴት አወቁ! ባትሪው በግፊ ነው የሚነሳው። ስለ ሁሉም እግዜር ይስጥልኝ፤ ለአባቴ ቁጭ አድርጌ አነበብኩለት። የለንደኑን ሰው ታሪክ ሁለቴ አስደገመኝ።

የሹፌሩ ልጅ (ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ)፦

እንዳልጠፋ ብዬ ነው። ወረቀቱን ያዝነው፤ ደረቅ ጥቁር ነው። የአየር ፊልትሮውን ስናወጣው ውስጡ የጤፍ እብቅ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከኢንጀክተሮቹ ሁለቱ ያንጠባጥባሉ ተባልን፤ ኖዝላቸው ተቀየረ። ፖምፓው ገና ነው፤ ወረፋ ይዘናል። ባትሪ በዱቤ ገዛን። ጭሱ አልጠፋም፤ ጠዋት ትንሽ አለ። ግን ከኋላ ያለው መኪና አሁን ታርጋችንን ማንበብ ይችላል። ናፍጣውም ቀንሷል። አባቴ ስንት እንደቀነሰ አይነግረኝም፤ ፊቱ ላይ ግን ይነበባል።

የመናኸሪያዋ እህቴ፣ ያልሽውንም ነግሬዋለሁ። ዝም አለ። በማግሥቱ ሲያቆም አየሁት፤ ጭስ ማውጫውን ወደ ግንቡ አዙሮ ሞተሩን አጠፋው። አንቺው የምትቀመጭበት በር ይሁን አይሁን አላውቅም።

የመናኸሪያዋ፦

ጣሪያው ላይ ሰማያዊ ሸራ ያለበት ነው? እንግዲያው አባትህን አውቃቸዋለሁ። ሁለተኛ ነው የሚጠጡት፣ ያለ ስኳር። ሌሎቹ እንደ ድሮው ናቸው፤ ፎጣዬ ግን ዛሬ እስከ አራት ሰዓት ቆይቷል።

ባለ ባጃጅ፦

ደላላውስ?

የሹፌሩ ልጅ፦

ትናንት አየሁት። አሁን «ባጃጅ ሊከለከል ነው» እያለ ነው። ተጠንቀቅ።