«ጂን ሳይሆን አፍ ነው» ያለው አሰልጣኝ ልክ ነው ወይስ አይደለም?

የጉለሌው፦ ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንድ የጂም አሰልጣኝ «ውፍረት ጂን (ከወላጅ የሚወረሰው ዘረመል) ሳይሆን አፍ ነው፤ ስቤ አልፈርስ አለ የሚል ሰነፍ ብቻ ነው» ሲል ሰማሁ። አዘጋጁም አብሮት ይንከተከታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ማይክ የሚሰጠው ማነው?

ሰላሜ፦ እና ምኑ ነው ውሸቱ? ማታ ቁርጥ፣ ጠዋት ፓስቲ፣ ከዛ «ጂኔ ነው»። ልክ ልካችንን ነገረን።

ነጭ ጋዋን፦ ሰላሜ፣ «አፍ ነው» ካልሽ ይቺን መልሺልኝ። በፈረንጆች 1990 የወጣ የኩቤክ ጥናት አለ። 12 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች፣ በሳምንት 6 ቀን 1000 ካሎሪ ትርፍ እየበሉ 100 ቀን ቆዩ። አንዱ 4 ኪሎ ጨመረ፣ ሌላው 13። መንታና መንታው ግን ተቀራራቢ ነበር። ትርፉ ምግብ እኩል፣ ኪሎው ለየቅል።

ሰላሜ፦ የቀነሰ አለ? የለም። ሁሉም ወፈሩ። በአፍ!

ነጭ ጋዋን፦ 4 እና 13 አንድ ነው እያልሽኝ ነው?

ሰላሜ፦ አፍ ባይከፈት ዜሮ ነበር እያልኩህ ነው።

ቲጂ ዲሲ፦ ሰውየው ያወራው እኮ ስለ ስብ መፍረስ ነው፣ እናንተ ስለ መብላት ትጨቃጨቃላችሁ። የስብ ሴል ውስጥ የተከማቸውን ስብ የሚበትኑት ኢንዛይሞች ናቸው። አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ሲመጣ ሥራ ይጀምራሉ፣ ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ሲበዛ ያቆማሉ። የኢንዛይሙ ጂን ከተበላሸ በፈቃድ አይሠራም። አሜሪካ ያሉ አሚሾች (እርስ በርስ የሚጋቡ የክርስቲያን ማኅበረሰብ ናቸው) ላይ በፈረንጆች 2014 የታተመውን እዩ። የአንዱ ኢንዛይም ጂን ላይ 19 የዲኤንኤ ፊደል ጎድሎ ተገኘ። ከእናትም ከአባትም የወረሱት ሰዎች ስብ ሴል ውስጥ ኢንዛይሙ ጭራሽ የለም።

የጉለሌው፦ ይኸው! ሰነፍ ናቸው በላቸው እስቲ!

ቲጂ ዲሲ፦ ቆይ አትቸኩል፣ አልጨረስኩም። የስብ ሴሎቻቸው ትንንሽ ናቸው እንጂ ትልልቅ አይደሉም። ችግሩ የወጣው በሌላ በኩል ነው፤ ጉበታቸው ላይ ስብ፣ ስኳር በሽታ። ስብ አለመፍረስ ማለት መወፈር ብቻ አይደለም። ደግሞ ፈረሰ ማለት ተቃጠለ ማለት አይደለም፤ ካልተጠቀምክበት ተመልሶ ይከማቻል።

ሰላሜ፦ ጎሽ ቲጂ! አየህ ጉለሌ፣ ምስክርህ ወደኛ ዞረ። ለመሆኑ ሰፈራችሁ ስንት አሚሽ አለ?

ነጭ ጋዋን፦ አሚሽ ካልጣመሽ ኤፍቲኦ የሚባለው ጂን አለልሽ። ከውፍረት ጋር መያያዙ የታወቀው በፈረንጆች 2007 ነው፤ የሚያወፍረው ዓይነቱ ብዙ ሰው ላይ አለ። ያንን ዓይነት ከሁለቱም ወላጅ የወሰደ ሰው ጭራሽ ካልወሰደው በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ይበልጣል። በ2015 ደግሞ የሚያወፍርበት አንዱ መንገድ ታየ፤ ገና የሚያድጉት የስብ ሴሎች ሙቀት ከማውጣት ይልቅ ወደ ማከማቸት ያደላሉ።

ሰላሜ፦ 3 ኪሎ??? ይሄ ሁሉ ጫጫታ ለ3 ኪሎ? ታዲያ የቀረው 20 ኪሎ የማነው፣ የጎረቤት?

የጉለሌው፦ አንድ ጂን ነው እኮ ያለሽ! ሌሎቹስ?

እማማ ዘነቡ፦ ልጆቼ፣ እኔ ሁዳዴን ጾሜ ነው የወፈርኩት። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ።

ሰላሜ፦ እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሽሮው ላይ ስንት ጭልፋ ዘይት ነው የሚያፈሱት?

እማማ ዘነቡ፦ አንቺ ቤቴ ገብተሽ አይተሻል? ባለጌ!

የጉለሌው፦ ትልቅ ሰው ላይም? አፍ ነው ያልሽው ለካ የራስሽን ነው።

ጤና በእጄ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ በምራቅ ምርመራ ለጂንዎ የሚስማማ ስብ አፍራሽ ዳይት እናዘጋጃለን።

ቲጂ ዲሲ፦ ይሄ ነበር የቀረን። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 609 ሰው ላይ ዓመት ሙሉ ሞክሮ በፈረንጆች 2018 አሳተመ። ስብ ቀንሶ መብላት ወይስ ካርቦሃይድሬት ቀንሶ መብላት ለማን እንደሚሻል በጂናቸው ሊለይ አልቻለም። አንተ በምን ለየኸው?

ጤና በእጄ፦ የኛ ምርመራ ይለያል እህቴ።

ሰላሜ፦ ዋጋው ስንት ነው?

የጉለሌው፦ አንቺ! አፍ ነው ስትዪ አልነበር?

ሰላሜ፦ ዋጋ መጠየቅ ክልክል ነው እንዴ?

ጤና በእጄ፦ ኢንቦክስ።