አርሰናል ላይ ከምንለው ስንቱ እውነት ነው? የማንቼ ደጋፊ ጥያቄ

የማንቼ ልጅ፦
ሰላም ጎበዞች። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ፤ ለአርሰናል ጥብቅና ልቆም አልመጣሁም። ግን ብሽሽቅ ላይ የምንወረውራቸው ብዙ ነገሮች ዓመትና ቁጥር ሲጠየቅባቸው ይፈርሳሉ። የሚቆመውንና የማይቆመውን እንለይ። እነሱ "ወርደን አናውቅም" ይላሉ። እኛ ደግሞ "በ1919 በጉቦ ነው አንደኛ ዲቪዚዮን የገባችሁት"፣ "የ2004ቱ ዋንጫ ግማሹ አቻ ነው"፣ "የቀድሞ አሰልጣኛችሁ ቬንገር አራተኛነትን ዋንጫ አደረገው"፣ "ኮርና ባይኖር ግብ የላችሁም" እንላለን። የምታውቁ መልሱልኝ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁኑ።

ሰማያዊው (ቼልሲ)፦
የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እኔ ልውሰድ፤ የኔም ክለብ ታሪኩ ውስጥ አለበት።

"ወርደን አናውቅም" ውሸት ነው። አርሰናል በ1912/13 ከ38 ጨዋታ 3 ብቻ አሸንፎ፣ 18 ነጥብ ይዞ፣ መጨረሻ ሆኖ ወርዷል። ያኔ ገና ዉልዊች በሚባለው የለንደን ሰፈር ነበር፤ ወደ ቀድሞው ስታዲየሙ ሃይበሪ የተዛወረው ከወረደ በኋላ በዚያው 1913 ነው። ትክክለኛው አባባል "ከ1919 ወዲህ ወርዶ አያውቅም" የሚለው ነው፤ በእንግሊዝ ይህን ያህል ዘመን ሳይቋረጥ ከላይ የቆየ ሌላ ክለብ የለም። ማንቼ በ1974፣ እኛ በ1988 ወርደናል።

ወደ 1919 ስንመጣ፣ አርሰናል 1914/15ን በሁለተኛ ዲቪዚዮን አምስተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ያኔ ከፍተኛው ሊግ የነበረው አንደኛ ዲቪዚዮን ከ20 ወደ 22 ክለብ ሰፋ። ደርቢና ፕሬስተን በደንቡ አደጉ። 19ኛ የነበረው ቼልሲ ያለ ድምፅ እዚያው እንዲቆይ ተደረገ። ለቀረው አንድ ቦታ ድምፅ ሲሰጥ አርሰናል 18፣ 20ኛ የነበረው ቶተንሃም 8 አገኘ፤ በደረጃ ከአርሰናል በላይ የነበሩት ባርንስሌይና ዎልቭስም ተዘለሉ። ፍትሐዊ አልነበረም ካላችሁ እስማማለሁ። ጉቦ ስለመከፈሉ ግን እስከ ዛሬ የቀረበ ማስረጃ የለም። ጥርጣሬውን ያከረረው ሊቀ መንበሩ ሄንሪ ኖሪስ ከዓመታት በኋላ በክለቡ ገንዘብ አያያዝ ምክንያት ከእግር ኳስ መታገዱ ነው።

አሁን የማንቼ ልጅ ሆይ፣ ይህን ክርክር ከማንሳትህ በፊት የዚያን ዓመት ሰንጠረዥ ታች ተመልከት፦ ዩናይትድ 30፣ ቼልሲ 29፣ ቶተንሃም 28። ዩናይትድ ሚያዝያ 2 ቀን 1915 ሊቨርፑልን 2 ለ 0 ያሸነፈበት ጨዋታ በተጫዋቾቹ ስምምነት የተሸጠ እንደነበር በምርመራ ተረጋግጦ ከሁለቱ ክለቦች ሰባት ተጫዋቾች ታግደዋል። ያኔ ድል ሁለት ነጥብ ነበር። ያን ቀንስና ማንቼ 28 ላይ ቀርቶ ቼልሲ በላዩ ይሆናል። ቼልሲ ያለ ድምፅ የተረፈውም ለዚህ ነው። ስለዚህ "1919" ብሎ አርሰናል ላይ መጮህ የሚያምርበት ለቶተንሃም ደጋፊ ነው፤ ለአንተም ለኔም አይሆንም።

ክሎክ ኤንድ (አርሰናል)፦
ሰማያዊው በቅንነት ስለመለሰ አመሰግናለሁ፤ 1913ን ብዙ የኛ ልጆች አያውቁትም።

2003/04፦ 38 ጨዋታ፣ 26 ድል፣ 12 አቻ፣ 0 ሽንፈት፣ 90 ነጥብ። 12 ከ38 ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ "ግማሹ አቻ" የሚለው እዚህ ላይ ያበቃል። ሁለተኛው ቼልሲ 79፣ ሦስተኛው ዩናይትድ 75 ነበሩ። ነገር ግን "ያለ ሽንፈት" የሚባለው ለሊጉ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ኢንተር ሚላን ሃይበሪ ላይ 3 ለ 0 አሸንፎናል፣ ኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ላይ በስኮልስ ግብ ዩናይትድ አስወጥቶናል፣ ከቻምፒዮንስ ሊግ ቼልሲ አስቀርቶናል። የኛ ሰው "ዓመቱን ሙሉ አልተሸነፍንም" ካለ ይህን አስታውሱት።

ሊጉም ቢሆን በጣት ስፋት ነው የተረፈው። መስከረም 21 ቀን 2003 ኦልድ ትራፎርድ፣ 0 ለ 0፣ ቪዬራ በቀይ ወጥቷል፣ በጭማሪ ሰዓት ለዩናይትድ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ቫን ኒስትልሮይ የመታው ኳስ አግዳሚውን መትቶ ተመለሰ። ያ ኳስ ትንሽ ዝቅ ቢል ኖሮ "የማይበገሩት" የሚል ስም የለም።

አራተኛነቱን በተመለከተ፣ ቬንገር ቻምፒዮንስ ሊግ መግባትን ከዋንጫ ጋር ያመሳስል እንደነበር አልክድም፤ ምክንያቱን ግን ሂሳቡ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሃይበሪ 38 ሺህ ያህል ሰው ነበር የሚይዘው፤ በ2006 የተከፈተው ኤምሬትስ 60 ሺህ ያህል ይይዛል። ለግንባታው ከባንክ የተበደሩት 260 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ዕዳው በየዓመቱ ይከፈል ነበር፤ ከአውሮፓ የሚመጣው ገንዘብ ለአንድ ዓመት ከቀረ ደግሞ ቀጣዩ ነገር ኮከብ መሸጥ ነበር። ገንዘቡ እየመጣ እንኳ ሄንሪ፣ ፋብሪጋስ፣ ናስሪ፣ ቫን ፐርሲ ሄደዋል። ቫን ፐርሲ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ እናንተ መጥቶ በ2012/13 ሊጉ ላይ 26 ግብ አግብቶ ዋንጫ አነሳላችሁ። ይህ እስካሁን ያመኛል።

መምታት ከፈለጋችሁ የሚያመው ሌላ ቦታ ነው። ከ2011 እስከ 2017 ሰባት ጊዜ በተከታታይ ከቻምፒዮንስ ሊግ በ16ቱ ዙር ወጥተናል፤ የመጨረሻው በባየርን በድምር 10 ለ 2። ለዚህ የስታዲየም ዕዳ መልስ አይሆንም። ያ የአሰልጣኙ የዝግጅት ድክመት ነበር።

አንፊልድ 11 (ሊቨርፑል)፦
ኮርናውን ለኔ ተዉት።

መጀመሪያ ቁጥሩ። በ2023/24 አርሰናል ሊጉ ላይ ያገባው 91 ነው፤ ከኮርና የመጣው 16። አሥራ ስድስቱን ሰርዛቸው፣ 75 ይቀራል። ማንቼ በዚያ ዓመት በጠቅላላ ያገባው 57 ነው። "ኮርና ባይኖር" የሚለው ለዚያ ዓመት አይሠራም። በ2024/25 ግን ጠቅላላ ግባቸው ወደ 69 ወርዷል፤ 14 ጊዜ አቻ ወጥተዋል። ሳካና ሃቨርትዝ ለረጅም ጊዜ ተጎድተው ነበር፤ ቢሆንም ተጠቅጥቆ የሚከላከል ቡድን ሲገጥማቸው ከክፍት ጨዋታ መፍትሔ ያጡ ነበር። ትችቱን የምታነሳ ከሆነ ዓመቱን ለይተህ አንሳ።

ደግሞ ኮርናን ዕድል አድርጎ ማየት ስህተት ነው። የቆመ ኳስ አሠልጣኙ ኒኮላ ዦቨር በ2021 ከመጣ ጀምሮ የተሠራ ሥራ ነው። በቀኝ በኩል ሳካ በግራ እግሩ፣ በግራ በኩል ራይስ በቀኝ እግሩ ይመታል፤ ሁለቱም ኳሶች ወደ ግብ ይታጠፋሉ። ጥቅሙ፣ ማንም ይንካው ማን፣ ኳሱ ወደ መረቡ አቅጣጫ እየሄደ ነው። አምስት ስድስት ሰው ከሩቁ ቋሚ ባሻገር ተሰብስቦ ይቆምና መቺው እጁን ሲያነሳ እንደ ማዕበል ወደ 5 ከ50 (ግቡ ፊት ያለው ትንሹ ሳጥን) ይገባል። ቤን ዋይት በረኛው እግር ሥር ቆሞ መውጫ ያሳጣዋል። ሌላው ደግሞ ቦታ የሚጠብቀውን ተከላካይ መንገድ ይዘጋል፤ አይገፋም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ጋብሪኤል በዚያ ክፍተት ዘግይቶ ሮጦ ይገጫል። ተከላካዩ በቆመበት፣ ጋብሪኤል በሩጫ ነው የሚዘለው፤ ልዩነቱ እዚያ ነው ያለው።

የሚበላሸውም በሦስት ምክንያት ነው። ኳሱ ካጠረ ቅርቡ ቋሚ ላይ ያለው የመጀመሪያው ተከላካይ ያወጣዋል። ዋይት ክንዱን ካነሳ ዳኛው ያፏጫል። በረኛው በንጹሕ ከያዘው ደግሞ ሰባት ሰው ከፊት ነው ያለው፤ አንድ ረጅም ውርወራ በቂ ነው።

አርሰናል ኮርናን አሁን የፈጠረው የሚመስላችሁም ካላችሁ፣ በአሰልጣኝ ጆርጅ ግራሃም ዘመን ስቲቭ ቦልድ ቅርቡ ቋሚ ላይ ሸርተት አድርጎ ሲያሳልፈው ከኋላ አዳምስ ይጠብቅ ነበር። ያ ቡድን 1990/91ን አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፎ፣ 18 ግብ ብቻ ተቆጥሮበት ነው ዋንጫ የወሰደው። ውብ ኳስ ከቬንገር ጋር የመጣ ነው፤ የክለቡ ጥንተ ተፈጥሮ አይደለም።

የማንቼ ልጅ፦
1919ን ትቻለሁ፤ ያን የ1915 ጨዋታ ከሰንጠረዡ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። ኮርናው ላይ ግን አንድ ጥያቄ። ታኅሣሥ 4 ቀን 2024 ኤምሬትስ ላይ 2 ለ 0 ስንሸነፍ ሁለቱም ከኮርና ነበሩ፤ ቲምበርና ሳሊባ። ሰው አላነሰንም፣ ሁሉም ወርዶ ነበር። ታዲያ ምን ይደረጋል?

አንፊልድ 11፦
ችግሩ ሁሉም መውረዱ ራሱ ነው። 16 ከ50 (ትልቁ ሳጥን) ውስጥ በተጨናነቀ ቁጥር በረኛው መውጫ ያጣል፤ መጨናነቁን የሚፈልጉት እነሱ ናቸው። ሁለት ፈጣን ሰው መሀል ሜዳ መስመር ላይ ተው፤ አርሰናል እነሱን ለመጠበቅ ሦስት ለማስቀረት ይገደዳል፣ ማዕበሉም በአንድ ሰው ይቀንሳል። ከዚያ ጋብሪኤልን የሚይዘው ሰው ኳሱን ትቶ ሰውየውን ይመልከት፤ ከመሮጡ በፊት ደረቱን አስጠግቶ ይቁምበት። መንገድ የሚዘጋውን ሰው ደግሞ ሌላ ተከላካይ ይያዘው፤ አብዛኛው ቡድን የሚረሳው ይህን ነው። የቲምበሩ ግብ የራይስ ምት ቅርቡ ቋሚ ላይ ተገጭቶ የገባ ነው። ያን ቦታ የምትሰጠው ለአጭር አጥቂ ሳይሆን ከቡድኑ ሁሉ በጭንቅላት ለሚበልጠው ሰው ነው። የሳሊባውን ደግመህ እየው፦ ሳካ መታ፣ ፓርቴ ሩቁ ቋሚ ጋ ገጨ፣ ኳሱ ሳሊባን ነክቶ ገባ። ፓርቴ ሲዘል አጠገቡ ስንት የዩናይትድ ተጫዋች ኳሱን ብቻ እያየ እንደቆመ ቁጠር።