ሲንግል አክሽን ሪቮልቨሬ ጥይት እያከሸፈ አስቸገረኝ፤ የት ላሠራው? (ጥቆማ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ)

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ሰው እጅ የገዛሁት ሩገር ኒው ሞዴል ብላክሆክ አለኝ፣ .357 ማግነም፣ ሲንግል አክሽን (ለየጥይቱ መዶሻው በአውራ ጣት የሚሳብለት)። ከስድስቱ ጥይት አንዱ ወይም ሁለቱ ቀጭ ብለው ይቀራሉ። ፕራይመሩ (በቀለሁ ቂጥ ያለው ማቀጣጠያ) ላይ የመርፌው ምልክት አለ፣ ግን በጥፍር የተጫነ ነው የሚመስለው። አንዳንዱ መልሼ ስመታው ይተኩሳል። ዉድብሪጅ አካባቢ ነኝ። ጎበዝ ጋንስሚዝ (የመሣሪያ ጠጋኝ) የምታውቁ ጠቁሙኝ። ወይስ ለፋብሪካው ልላከው? ሞላ ብቻ ቀይር ያሉኝም አሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ጉዳይ ኪሴ ስለተነካ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር፤ ቀጭ ብሎ ሲቀር ወዲያው መዶሻውን እንዳትስብ። ሲሊንደሩ ይዞራልና የከሸፈው ጥይት ከአፈሙዙ መስመር ይወጣል፣ ዘግይቶ የሚፈነዳ ደግሞ አለ። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ 30 ሰከንድ ቆጥረህ ጠብቅ።

አያቴ ምንሽር ነበራቸው፤ ጥይት ሲከሽፍባቸው ጥፋተኛው ሁልጊዜ ጥይቱ ነበር፣ ጠመንጃው አይወቀስም። ግማሹ እውነት ነው። የምትተኩሰው የፋብሪካ ሳይሆን ቤት ውስጥ በእጅ የተሞላ ጥይት ከሆነ ፕራይመሩን በጣትህ ዳስሰው፤ ከቀለሁ ቂጥ በጥቂቱ ገባ ማለት አለበት። ወጣ ብሎ ከተቀመጠ የመጀመሪያው ምት ወደ ውስጥ ገፍቶ ያስገባዋል፣ ሁለተኛው ይተኩሰዋል። አንተ የነገርከን ምልክት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ አንድ ሳጥን የፋብሪካ ጥይት ግዛና ሞክር። ፕራይመርም እኩል አይደለም፦ ፌደራል የሚባለው ኩባንያ ለስላሳ ነው፣ የሲሲአይ ኩባንያ ጠንከር ይላል። በፌደራል እየተኮሰ በሲሲአይ የሚያከሽፍ ሽጉጥ ጉዳዩ ጉልበት ማጣት ነው።

የፋብሪካውንም ካከሸፈ ወደ ሽጉጡ እንሂድ። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጥ፣ ጥይቱን ካለህበት ክፍል አውጥተህ ሌላ ቦታ አስቀምጠው። አፈሙዙን ወደ ላይ አቁመህ እርሳስ በላጲሱ በኩል ወደ ታች ጨምር፣ መዶሻውን አቀባብልና ምላጩን ሳብ። ጤነኛ ሞላ ያለው ሽጉጥ ብዙውን ጊዜ እርሳሱን ከአፈሙዙ አስወጥቶ ይወረውረዋል፤ የደከመው ብቅ አድርጎ መልሶ ይውጠዋል። ይህን ያሳየኝ ጋንስሚዝ ነው፣ ላንተ በነፃ።

ምላጩን እስከ መጨረሻው ይዘህ ትቆያለህ ወይ? ከ1973 ወዲህ በተሠሩት ኒው ሞዴሎች መዶሻው መርፌውን በቀጥታ አይመታም። ምላጩ ሲሳብ ትራንስፈር ባር የምትባል ቀጭን ብረት በመሃል ትነሳለች፣ ምቱን የምታሻግረው እሷ ናት። ጣትህን ቶሎ ከለቀቅክ ትወርዳለች፣ ምቱም ይቀላል። በድርብ አክሽን (ምላጩን በመሳብ ብቻ በሚተኩሰው) የለመደ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ያየሁት ስህተት ነው።

አሁን ወደ ጥቆማው። የሞከርኳቸው ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ትልቅ የመሣሪያ መደብር ነው፣ ስሙ ይቅር። አምስት ሳምንት አቆዩብኝ፣ 80 ዶላር አስከፈሉኝ፣ ደረሰኙ ላይ «ተጠርጓል፣ ዘይት ተቀብቷል» ይላል። በዚያው ቅዳሜ ሬንጅ (ተኩስ ሜዳ) ሄጄ ሁለተኛው ጥይት ከሸፈ። መጥረግ አያስፈልግም አልልም፤ የመርፌው ቀዳዳ በደረቀ ዘይት ከተያዘ፣ በተለይ በብርድ፣ መርፌው ይዘገያል። ግን ማንም ሞላውን አልለካውም።

ሁለተኛው ከፍሬድሪክስበርግ ወዲህ በጋራዡ የሚሠራ ሽማግሌ ነው። ብዙ ሥራ አልቀበልም ስላለኝ አድራሻውን እዚህ አልጥልም፤ እንዴት እንዳገኘሁት ግን ልንገርህ። የሲንግል አክሽን ሹቲንግ ሶሳይቲ ክለቦች አሉ፣ ባርኔጣ አድርገው በድሮ ዘመን መሣሪያ የሚወዳደሩት። ቅርብህ ያለው ክለብ ውድድር ሲኖረው ሂድና ሦስት ሰው ጠይቅ፤ ሦስቱም አንድ ስም ከጠሩልህ ሰውዬህ እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚተኩሱት ሲንግል አክሽን ስለሆነ ማን እንደሚያውቅና ማን እንደሚያበላሽ ለይተው ያውቃሉ። የፌደራል ፈቃድ እንዳለው ጠይቅ፤ ሽጉጥህን አሳድሮ የሚሠራ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ሽማግሌው መያዣውን ፈታ፣ ሞላውን ከራሱ አዲስ ሞላ ጎን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። የእኔው በአንድ ጣት ስፋት ያጠረ ነበር። የቀድሞው ባለቤት መዶሻው እንዲቀልለት ብሎ ቀላል ሞላ ገጥሞበት ኖሯል። የፋብሪካው የብላክሆክ ሞላ 23 ፓውንድ ነው፤ ዎልፍ የሚባለው ኩባንያ ይኸንኑም፣ እስከ 17 ፓውንድ የቀለለውንም ይሸጣል። 17ቱ በለስላሳ ፕራይመር ሊሠራ ይችላል፣ ግን በየጥይቱ እንድትጠራጠር ያደርግሃል። እኔ 23ቱን መለስኩ። አውራ ጣቴ ትንሽ ይደክማል፣ ይድከም።

ሦስተኛው ፋብሪካው ነው። የሩገር ሪቮልቨር የሚጠገነው ኒው ሃምፕሻየር፣ ኒውፖርት ነው። ባለቤቱ ራሱ መላክና በቀጥታ መልሶ መቀበል በፌደራል ሕግ ይፈቀድለታል፤ አስቀድመህ ደውልና አላላኩን ይንገሩህ፣ ዝም ብለህ ሳጥን ይዘህ ማጓጓዣ ቢሮ እንዳትሄድ። ጓደኛዬ ልኮ ነበር፣ በሥራቸው ረክቷል። አንዳንድ ክፍሎችን ለግለሰብ ስለማይሸጡ፣ ትራንስፈር ባሩ ካረጀ ወይም መዶሻው ከተነካካ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከ1973 በፊት የተሠራውን፣ በጎኑ ሦስት ብሎን ያለውን ከላክህ ግን የደኅንነት ክፍሉን በነፃ ገጥመው፣ የድሮውን አብረው ይመልሱልሃል። ቅርስ ሰብሳቢ ይህን ላይወደው ይችላል። ለሚተኩስ ሰው ግን ሳያስገጥሙት ስድስቱንም ሞልቶ መዞር እብደት ነው፤ የድሮው ሞዴል አምስት ብቻ ነው የሚጎርሰው፣ መዶሻው በባዶው ላይ ያርፋል።

ራስህ ልቀይር ካልክ ሞላው ከ15 ዶላር የሚዘል አይመስለኝም፤ መለዋወጫ ሻጮቹ ብራውኔልስም ሚድዌይም ላይ ታገኘዋለህ። መያዣውን አውልቅ፣ መዶሻውን አቀባብል፤ ሞላውን በያዘው ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቀጭን ሚስማር አስገባባትና መዶሻውን ቀስ ብለህ መልስ፣ ሞላው ታስሮ ይቀራል። ከዚያ አምስቱን ብሎን ትፈታለህ። ፍሬሙ ሲላቀቅ ከኋላ አንዲት ትንሽ ሞላና ፒን ዘለው ይወጣሉ፤ ትልቅ ግልጽ ፌስታል ውስጥ አድርገህ ፍታው። እኔ አንዴ ምንጣፍ ላይ ግማሽ ቀን ተንበርክኬአለሁ። ለብሎኑ ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ያዝ፣ የቤቱ ካቻቢቴ አፉን ይቀደዋል።

ሌላ መልስ፦ ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን .22 ያላችሁ አትሳቱ። እኔ ሄሪቴጅ ራፍ ራይደር ነው ያለኝ። የ.22 ባሩድ ማቀጣጠያ በቀለሁ ከንፈር ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ አንድ ወገን ላይ ካልደረሰ ያ ጥይት እዚያ ቦታ ሲመታ ይከሽፋል። አዙራችሁ ሌላ ወገኑ ተመትቶ ከተኮሰ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። በርካሽ የጅምላ ጥይት ይበዛል፣ በሲሲአይ ሚኒማግ ለእኔ ቀርቷል። የሲሊንደሩ የጥይት ቀዳዳ (ክፍሉ) በቅባትና በጥላሸት ከተሞላም ጥይቱ እስከ መጨረሻው አይገባም፣ መርፌው መግፊያ ሆኖ ይቀራል። ጋንስሚዝ ከመሄዴ በፊት በናስ ብሩሽ ፈትጌ ነው የተገላገልኩት። ባዶውን ደጋግማችሁም አትቀጩት፣ የክፍሉን ከንፈር ሊጎዳው ይችላል።

ኡቤርቲ ወይም ፒዬታ (የጣሊያን ሥራ የሆኑ የድሮ ሪቮልቨር ቅጂዎች) ላላችሁ ደግሞ፦ ሞላው ጠፍጣፋ ነው። አንዳንዱ ሰው ለማቅለል ከሥሩ ቁራጭ ቆዳ ያስገባል፤ ከሰው እጅ የገዛችሁ ከሆነ መያዣውን ፍቱና እዩ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። እርሳሱ ጫፉን አሳይቶኝ ተመልሶ ገባ። ዛሬ ፈታሁት፤ ሞላው ቀላል ብቻ ሳይሆን በፒንሳ የተቆረጠ ነው፣ አንዱ ጫፍ ሾሎ ወጥቷል። 23ቱን ገጥሜ 50 የፋብሪካ ጥይት ተኮስኩ፣ አንድም አልከሸፈም። ፌስታሉን ባትሉኝ ኖሮ ትንሿን ሞላ እስካሁን እየፈለግኩ ነበር።